የእሪያው ቄራ ንድፍ

ሐረገወይን አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። በአንዲት የአውራጃ ከተማ ቄራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥጋ መርምራለች። ባሏ ኤርምያስ በዚያው ከተማ ሕንፃ ነዳፊ ነበር። በምርጫ ዘጠና ሰባት ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኖ ስለነበር ነገሩ ሲከር ቀድሟት ወጣ፤ እሷ በዓመቱ ተከተለችው። ለንደን ግን ሙያችሁ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሁድ እሁድ በዲቁና ያገለግላል። እሷ ሂትሮው አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያሰናዳ ኩሽና ውስጥ የምግቡን ሙቀትና ቅዝቃዜ ቼክ እያደረገች ትመዘግባለች። ልጅ አልወለዱም። ዊልስደን ሰፈር ባለች ጠባብ ቤታቸው ተከባብረው ይኖራሉ፤ ስላለፈው ብዙም አያወሩም።

በዚያ ኩሽና "ዶክተር" ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካቴሬጋ ይባላል፤ የኡጋንዳ ሰው ነው፤ ስድሳን ተሻግሯል፤ ምግብ የሚገፋበትን ትሮሊ ያጥባል። ሐረገወይን ለንደን በገባች በአምስተኛው ዓመት፣ ካቴሬጋ አገሩ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ልብሱ ሰፍቶት፣ አንደበቱ ተሳስሮ መጣ። በምሳ ሰዓት አጠገቧ ተቀመጠና ምግቡን ሳይከፍት፣

"የእህቴን ልጅ ቀብሬ መጣሁ" አላት።

ልጅቱ ናንቴዛ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት የሚጥል በሽታ ሲያሠቃያት ከርሞ፣ አንድ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ እንደወረደች ጣላት። ኩሬው ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ አገኟት።

"ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፣ ዶክተር" አለ ካቴሬጋ። "ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ የአሳማ ትል አለ ብሎ ነግሮን ነበር። እህቴ ግን አሳማ አትበላም፤ ካገባች ወዲህ የያዘችው ሃይማኖት አይፈቅድም። ልጅቱም ቀምሳው አታውቅም። አሳማ የምናረባው እኔና ወንድሜ ነን፤ ግቢያችን ከእሷ ጋር አጥር ለአጥር ነው። እንዴት እሷን ያዛት?"

ሐረገወይን መልሱን ታውቀዋለች። ምነው ባላወቅሁት አለች በልቧ።

"በእኛም አገር ከበሬ ሥጋ የሚይዝ ትል አለ" አለችው ቀስ ብላ። "ኮሶ እንለዋለን። እሱ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ መድኃኒት ወስደህ ታወጣዋለህ። የአሳማው ይከፋል። በደንብ ያልበሰለውን ሥጋ የበላ ሰው ትሉን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ይወጣል፤ ከዚያ በእጅ ይሄዳል፣ በውሃ ይሄዳል፣ በጎመን ይሄዳል። ያንን እንቁላል የዋጠ ልጅ ጭንቅላቱን ሊይዘው ይችላል፤ ሥጋውን በዓይኑ ባያየውም።"

ካቴሬጋ የገዛ መዳፎቹን አየ።

"ወንድሜ የሚያርደው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው" አለ። "የሚመረምር የለም። እዚሁ ለንደን፣ ኬኒንግተን፣ የአገራችን ልጆች ማኅበር አለን፤ ለመንደሩ ንጹሕ ማረጃ እንሥራ ብለን ተስማምተናል። ትንሽ፣ በሳምንት አሥራ አምስት ወይ ሃያ የሚታረድባት። እንዴት እንደምትሠራ የሚያውቅ ግን የለንም። ንድፉን አንቺ ሥሪልን።"

"እሺ" አለችው። የማን ሚስት እንደሆነችና የየትኛውን ደብር ደጅ እንደምትስም ትዝ ያላት እሺታው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ዘርግታ ሞከረች። ምን የት መሆን እንዳለበት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እጇ ግን መስመር አልለመደም። ኤርምያስ ሊያልፍ ሲል ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈና ቆመ።

"ይሄ ወለል ወዴት ነው የሚያዘቀዝቀው? ፍሳሹ መውጫ የለውም" አለ። ወረቀቱን አነሳው። ፊቱ ላይ ድሮ የምታውቀው የነዳፊ ትኩረት መጣ። "የምንድን ነው?"

"ቄራ ነው።"

"የበሬ?"

"የእሪያ።"

ወረቀቱን እንደ ፍም ቶሎ አስቀመጠው።

"ሐረግ፣ እኔ እኮ ቤተ መቅደስ የምገባ ሰው ነኝ።"

"እረድ አላልኩህም፤ ብላም አላልኩህም። መስመሩን አቅናልኝ ነው የምልህ።"

"እዚህ አገር ከገባሁ እርሳስ አልያዝኩም" አለ ኤርምያስ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ቁጣ ብቻ አልነበረም። "ትምህርት ቤት ንደፍልን፣ ክሊኒክ ንደፍልን ያለኝ ሰው የለም። ዛሬ አንድ ሥራ ሲገኝ የእሪያ ማረጃ ይሁን? መምሬ ፀሐዬ ጋ እንሂድ። እሳቸው ይናገሩሽ።"

በማግስቱ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ የንስሐ አባታቸው መምሬ ፀሐዬ ነገሩን ከሥሩ አደመጡ። የልጅቱን አሟሟት ሁለት ጊዜ አስነገሯት።

"ትበዪዋለሽ፣ ልጄ?"

"አልበላም፣ አባቴ።"

"ታርጃለሽ?"

"አላርድም። እነሱ ማረዳቸው አይቀርም። ትሉ ሕፃን እንዳይገድልባቸው ነው የማሳያቸው።"

መምሬ ፀሐዬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው አሰቡ።

"ኃጢአት ነው አልልሽም" አሉ። "ግን ወሬው እዚህ ይደርሳል። አንቺ ደግሞ የዝክሩን ወጥ ቤት የምትመሪ ነሽ። ያልገባው ሰው እንዳይሰናከል፣ ሥራሽን እስክትጨርሺ ከወጥ ቤቱ ራቂ።"

አራት ዓመት ያንን ወጥ ቤት መርታለች። በዚህ ከተማ ካገኘቻቸው ወዳጆች አብዛኞቹን ያገኘችው እዚያ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። "እሺ አባቴ፣ እንዳሉኝ" ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

ኤርምያስ ንድፉን ትተወዋለች ብሎ ነበር የጠበቀው። ቤታቸው ገብተው ኮቷን ሳታወልቅ እንደተቀመጠች ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ለማታውቂያቸው ሰዎች ብለሽ? ምን ነክቶሽ ነው፣ ሐረግ?"

ያን ጊዜ ነው ደብቃ የኖረችውን የነገረችው።

"አንተ በወጣህ በሁለተኛው ወር ነው። የገና ዋዜማ። አንድ በሬ ታረደ፤ ምላሱን ብሰነጥቀው ትል፣ ልቡን ብሰነጥቀው ትል። ይቀበር አልኩ። የቄራው ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋው። 'ባልሽ ለማን እንደሠራ እናውቃለን። አንቺም እንድትፈለጊ ካልፈለግሽ ማኅተሙን ምቺ' አለኝ። መታሁት። ሥጋው ወጥቶ ተሸጠ። ለበዓል ጥሬውን ማን እንደበላው አላውቅም። ስንት ቤት እንደገባም አላውቅም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያስፈራሩኝ በአንተ ስም ነው። በእኔ ምክንያት ነው ብለህ እንዳትከፋ ፈራሁ።"

ኤርምያስ ከቁም ሣጥኑ አናት አሮጌ ሻንጣውን አወረደና ከአገር ቤት ይዞት የወጣውን ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ አወጣ።

"ጠረጴዛውን አጽጂው" አላት።

አራት ቅዳሜ ፈጀባቸው። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ያሰምራል። እንስሳው በአንድ በር ይገባል፤ ሥጋው በሌላ በር ይወጣል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ፀጉሩ በፈላ ውሃ የሚፋቅበት ክፍልና ሥጋው የሚሰቀልበት ክፍል በግድግዳ ይለያሉ። ሆድ ዕቃ የሚታጠበው ለብቻው ነው። የታረደው እንስሳ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ወለል ላይ አይበለትም። መርማሪዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ሰፊ መስኮት አደረጉ፤ የትሉ ፍሬ የሩዝ ቅንጣት የምታክል ናትና ብርሃን ትፈልጋለች። ኤርምያስ ሳይጠየቅ የወለሉን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ሰረዘው፤ ደምና ውሃው የትም እንዳይቋጥር። ክፍሎቹ ላይ ስም ሲጽፍ ግን የእንስሳውን ስም አልጠራም። "የእንስሳ መግቢያ" ብቻ እያለ ጻፈ። ሐረገወይንም አላረመችውም።

ኬኒንግተን በማኅበሩ አዳራሽ ንድፉን ስታሳይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከበቧት። ኤርምያስም መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር።

"ቄራ ጠየቅንሽ፤ አንቺ ሽንት ቤት ነው ያስቀደምሽው" አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

"ትሉ የሚዞረው ከሰው ነው" አለች። "ለሠራተኛውና ለመንደሩ ሽንት ቤት ሳይቆፈር፣ አሳማው በአጥር ሳይታገድ ቄራውን ብትሠሩ ዛፉን በጣሪያ መለወጥ ነው።"

"ይሄስ? የታመመ ሥጋ መቅበሪያው ጉድጓድ ሁለት ቁልፍ፣ ሥጋ የሚለቀቅበት መዝገብ ሁለት ፊርማ ለምን ያስፈልገዋል? መርማሪዋ አንድ ናት" አለ ያው ሰውዬ።

ሐረገወይን ኤርምያስ ወደቆመበት አየት አደረገች።

"አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ይፈራል" አለች። "ተው የሚለው ሰው ይመጣል፤ የሚለምን ይመጣል፤ በር የሚዘጋም ይመጣል። በመንደሩ ክሊኒክ ያለችው ነርስ ሁለተኛውን ቁልፍ ትያዝ። አንዷ ብትሸነፍ ሌላዋ ትቆማለች። ይህን ከንድፉ ካወጣችሁት እኔም ስሜን ከንድፉ አወጣለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ንድፉ እንዳለ ጸደቀ።

ካቴሬጋ ጡረታ ወጥቶ ግንባታውን ሊያሠራ አገሩ ገባ። ወጥ ቤቱን በተመለከተ፣ መምሬ ፀሐዬ በቃላቸው መሠረት ሲመልሷት አንዳንዶቹ ሴቶች በደስታ ተቀበሏት፤ ሁለቱ ግን የነካችውን ጭልፋ ከዚያ ወዲያ አልነኩትም። እሷም አልተቀየመቻቸውም።

አሥራ አራት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካቴሬጋ ደወለ። ሐረገወይን ኤርምያስም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

"ተከፍቷል፣ ዶክተር። በዚህ ሳምንት አሥራ ስድስት ታረደ፤ ሦስቱ ላይ ትል ተገኘ። አንዱ የወንድሜ ነው። ጮኸ፤ ዱላም አነሳ። መርማሪዋ ቁልፉም ፊርማውም የእኔ ብቻ አይደለም አለችው። ነርሷ መጣች። ሦስቱም ተቀበሩ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

ካቴሬጋ ግን ንግግሩን አልጨረሰም።

"እህቴ መጥታ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሲቀበር አየች። ከዚያ፣ ይህ ቤት ቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን ልጄ ትኖር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዶክተርን ልጠይቅልሽ አልኳት።"

ሐረገወይን ቀና ስትል ኤርምያስ እያያት ነበር። የሚያጽናና ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

"ምናልባት ትኖር ነበር በላት" አለች። "በእርግጥ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሁለቱንም ንገራት፣ ካቴሬጋ። አንዱን ደብቀህ አንዱን ብቻ አትንገራት።"

"ሁለቱንም እነግራታለሁ።"

ኤርምያስ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። "የልጅቱ ስም ማን ነበር?" ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

"ናንቴዛ።"

ኤርምያስ ተነሥቶ ቆመና በአማርኛ ጥቂት ቃል ተናገረ። ካቴሬጋ፣ "ምን አለ?" አለ።

"ነፍሷን ይማር ነው ያለህ" አለችው ሐረገወይን።

"ይህንንም ለእህቴ እነግራታለሁ" አለ ካቴሬጋ።