የንቦቹ ፍርድ ግልባጭ

ሞረዳ ጎረቤቴ ነው። ዲጋ ላይ እሱን የማያከብር የለም፤ እኔ ግን ቂም አለኝ። ከዓመታት በፊት ንቦቼ ከቀፎዬ ተነሥተው እሱ ቀፎ ገቡ። ከሰስኩት። ዳኛው «ንብ የገባችበት ቀፎ ባለቤት ንብረት ናት» ብሎ ፈረደለት። እኔ የተናገርኩትን ሁሉ ደግሞ «ከንቱ ጩኸት» አለው። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ዘንድሮ የሞረዳ ንቦች ተነሥተው እኔ ቀፎ ገቡ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! እሱም አላፈረም፣ ነቀምቴ ድረስ ሄዶ ከሰሰኝ።

እኔም ሦስተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ፤ መላ አይጠፋኝም። መዝገብ ቤት ሄጄ የድሮውን ፍርድ አስገለበጥኩ። ጸሐፊው «ውሳኔው ብቻ ይበቃሃል» ቢለኝ «የለም፣ ክርክሬም ይግባ፤ ምን ያህል እንደተናገርኩ ሰው ይይልኝ» አልኩት።

ችሎት ፊት ቆሜ ግልባጩን ዘረጋሁ። «ጌታዬ፣ ያኔ ለሞረዳ የሠራ ፍርድ ዛሬ ለእኔም ይሥራ!»

ሞረዳ አቀረቀረ። የሞረዳ ነገረ ፈጅ ሀብተጊዮርጊስ ግን ግልባጩን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ በሬ አጥር ጥሶ የሰው ማሳ ቢገባ የባለማሳው ይሆናል? ቀፎውን ለቅልቆ፣ አጥኖ፣ ከጉንዳን ጠብቆ ንቧን ያኖራትስ ማን ነው?»

የገዛ ቃሌ! አነባበቡም ያምር ነበር። እኔ ያኔ ያለቀስኩበት ቦታ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከንቱ ጩኸት ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ማነው ይህን የተናገረው?» አለ ዳኛው ወደ ግልባጩ እያመለከተ።

«ተከሳሹ ራሱ፣ አቶ ነመራ» አለ ነገረ ፈጁ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም እየሳቀ «ነመራ፣ እውነትህን ነበር። የፊተኛው ዳኛ ተሳስቷል። ንቦቹን መልስ» አለኝ።

«እንግዲያ ያኔ የሄዱት ንቦቼስ ጌታዬ?»

«የይግባኙ ጊዜ አልፏል።»

ደጅ ስንወጣ ሞረዳ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አያ ነመራ፣ ይህን አፍህን ቀድሜ ባውቅ ነገረ ፈጅ ባልቀጠርኩ ነበር!» አለኝ።

ሲመሻሽ ባዶ ቀፎ ተሸክሞ ጓሮዬ መጣ። ገና ሲነካቸው ንቦቹ በፊቱ ላይ ተነሡ።

«አቦ፣ ጭሱን ያዝልኝ እንጂ! ጨረሱኝ እኮ!»

«ፍርዱን አንብበው» አልኩት፣ ደጃፌ ላይ ተመቻችቼ ቁጭ ብዬ። «መልስ ይላል እንጂ ጭስ ያዝ አይልም።»