የፉጂዬ እትብት

ቶሜኖ ከልብስ መሳቢያው ሥር ሁለት ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች አወጣች። በአንዱ የበኩር ልጇ የሶኪቺ፣ በሌላው የሴት ልጇ የፉጂዬ እትብት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሶኪቺ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጀልባ ላይ ነው የሚውለው። ፉጂዬ ግን አንገቷ ሳይጸና፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ አምና በሰባት ዓመቷ ሞተች። ፎቶግራፍ እንኳ አልተነሣችም። ሬሳዋ እንደ ወጉ ተቃጥሏል፤ ከገላዋ እሳት ያልበላው ይኼው እትብት ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ አሁን ደግሞ እትብት ለቀማ ጀመርክ?» አሉ የባሏ እናት ሱጋ፣ የተቀደደ መረብ እየጠገኑ። «መጀመሪያ የባሕሩን ጭቃ ዛቅህ፤ ከዚያ ዓሣ በልተው ያበዱትን ድመቶች ሬሳ፤ ከዚያ የሰውን ፀጉር። ቀጥሎ ጥርሴን ነው? ሁለት ነው የቀረኝ!»

ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዶክተር ሳሳሞሪ ፈገግ አለ። «ጥርስዎ ይቆይልዎት። እትብት ግን ልጅቷ ማህፀን ውስጥ ሳለች በደሟ የዞረውን ይዞ ይቆያል። ፋብሪካው ወደ ባሕሩ የሚለቀው መርዝ፣ ሜርኩሪ፣ ካለበት ይታወቃል።»

«መርዝ ቢሆን መጀመሪያ እናቲቱን አይጥላትም ነበር? ይኸው አንድ ቀን ራሴን ብላ አታውቅም። የእሷ ወገን ደም ነው እንጂ!»

ይህን ቃል ቶሜኖ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። የመንግሥት ሐኪሞችም ያሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እናት ጤነኛ ከሆነች የልጅቷ ሕመም ከባሕሩ አይደለም ብለው ሸኟት።

«ይመለሳል?» ብላ ጠየቀች።

«አይመለስም፣ እመይቴ። በአሲድ ይሟሟል። ግማሽ ግማሹ ይበቃኛል፤ የወንድሟን ለማነጻጸር ነው።»

መቀሱን ለእሱ አልሰጠችውም። ራሷ ቆረጠችው። የደረቀው እትብት ቀጭ ሲል፣ ፉጂዬ ሁለተኛ ከእሷ የተለየች መሰላት።

ወሩ ሲሞላ ሳሳሞሪ ዓሣ ስታሰጣ አገኛት።

«የሶኪቺ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። የፉጂዬ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እናቲቱ አንድ፣ ማህፀኑ አንድ፤ የተለወጠው ባሕሩ ነው። ከእርስዎ ወገን ደም የመጣ ሕመም አይደለም።» ቀጥሎ ያለውን መሬት መሬት እያየ ተናገረው። «በዓሣው የገባብዎትን መርዝ አብዛኛውን እሷ ወሰደችው። እርስዎን ያተረፈችዎት እሷ ሳትሆን አትቀርም።»

ቶሜኖ እዚያው ቁጭ አለች። ደሜ ንጹሕ ነው፣ ደሜ ንጹሕ ነው እያለች አለቀሰች። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና እንባዋ ቀጥ አለ። ፉጂዬን ያረገዘች ጊዜ ሱጋ በየማዕዱ የዓሣውን የሆድ ሥጋ፣ ጮማ ጮማውን እየመረጡ ከሳህናቸው ያነሡላት ነበር። «ብዪ፣ ሁለት ነፍስ ነሽ!» እያሉ። ራሳቸው በጨው የተዘፈዘፈ ፍጁል፣ ነጩን የአትክልት ሥር፣ ነበር የሚበሉት።

ምሳ ቀርቦ ተቀመጡ።

«ምን አለሽ ያ እትብት ለቃሚ?»

ስምንት ዓመት ያጠናችው መልስ ነበራት። እሱን ትታ አጭሩን ተናገረች።

«የፋብሪካው መርዝ ነው አለ፣ እማ። የእኔ ደም አይደለም።»

«አንቺ የፋብሪካ ውሃ አልጠጣሽም! በየት ገባባት ታዲያ?»

ቶሜኖ ሩዟን ትኩር ብላ አየች። አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ጮማውን ዓሣ በመመገቢያ እንጨቶቻቸው ይዘው ወደ እሷ ሳህን እየዘረጉ ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። የያዙትን ዓሣ አዩት፤ ከእንጨቶቹ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«ስንት ቀን አበላሁሽ?» አሉ።

«ጥቂት ቀን ነው፣ እማ። ጥቂት ቀን» አለች ቶሜኖ፣ የወደቀውን በእጇ እያነሣች።

ዘጠኙን ወር ሙሉ ነበር።