የደግፌ ቡአ

ደግፌ ቡአ የለበትም። ቡአ አለብኝ ብሎ ያስወራው ለሰፈሩ አንድ ነገር መናገር ስለነበረበት ነው፤ አየር ጤና ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሱቁን ዘግቶ ከዋለ ሳይመሽ ሞቷል መባሉ አይቀርም። ቡአን የመረጠው ደግሞ ጎረቤቱ ገረሱ አምና ቡአውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወሬውን ለመንደሩ በነጻ ስላደለ ነው። የት በኩል እንደሚቀደድ፣ ሲስቁ እንዴት እንደሚያም፣ ደግፌ በቃሉ ይዞታል።

እውነቱ ሌላ ነው። ሚስቱ ፀሎት ሁለተኛዋን ልጅ ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ እርግዝና እንዳይታሰብ አስጠንቅቀዋል። የወሊድ መከላከያ ኪኒኑ የደም ግፊቷን ሰቀለው። የእሷን የማህፀን ቱቦ እንዳያስቋጥሩ፣ በወሊድ ሁለት ጊዜ የተከፈተ ሆድ ማን ደፍሮ ይከፍታል? ባለፈው ወር አበባዋ ሲዘገይ ባልና ሚስት ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሰነበቱ። መጣ። በመጣ በማግስቱ ደግፌ የራሱን የሚቋጥርለት ሐኪም ፍለጋ ወጣ።

የመጀመሪያው ሐኪም ሚስትህን አምጣት አለው። ሁለተኛው ልጆቹ ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ሲሰማ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ወንድ ስትወልድ ተመለስ ብሎ ሸኘው። በመጨረሻ ጦር ኃይሎች ፋርማሲ ያላት ፈይዛ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዶክተር ኢዮስያስ የሚባል ይህንን የሚሠራ ሰው እንዳለ ነገረችው። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴትዮዎች ዞር ብለው አዩት።

ዶክተር ኢዮስያስ አልሳቀም፣ አልመከረምም። ዘር የሚያልፍበትን ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ እንደሚቋጥረው፣ ወንድነቱ እንዳለ እንደሚቆይ፣ ምርመራው ዘሩ አልቋል እስኪል ድረስ ግን መጠንቀቅ እንዳለበት አስረድቶ ለሐሙስ ቀጠረው።

ደግፌ አንድ ነገር ዘንግቶ ነበር፤ በእነሱ ዘመድ ዘንድ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ብቻውን አይሄድም። ሐሙስ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ከገጠር አምጥተው ያሳደጉት፣ ሱቁንም ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ይቅሩ አይባሉም። ታክሲ ውስጥ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ስለ ቡአ ተጨዋወቱ።

መጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነው። ደግፌ ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ነርሷ ብቅ አለች።

«ቱቦ የሚቋጠርልዎት እርስዎ ኖት አይደል? ሌላ ልጅ እንደማይፈልጉ ርግጠኛ ኖት?»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ምንድን ነው የሚቋጠረው?»

ደግፌ መሬት መሬቱን እያየ ነገራቸው።

«ልትሰለብ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

«አይደለም ጋሼ። ምንም አይጎድልብኝም፤ መውለድ ብቻ ነው የሚቀረው።»

«ብቻ» አሉ። ከዚያም አባታቸው በደግፌ በኩል ስማቸውን የሚያስጠራ ወንድ የልጅ ልጅ እንደሌላቸው፣ ዛሬ ያንን በር ከገባ ወንድሜ ብሎ ደጃቸውን እንዳይረግጥ፣ ሰው እንዳይሰማ ዝግ ብለው ነገሩት። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰሙ።

«ፀሎት ካረገዘች ትሞታለች» አለ ደግፌ። «የእርስዎን ቁጣ እችለዋለሁ፤ እሷን መቅበር ግን አልችልም።»

ጫማውን አግዳሚው ሥር ትቶ ገባ።

ጋደም ብሎ መርፌውን ሲወጉት የሚያዳምጠው በሩን ነበር። ዶክተሩ ያምሃል ወይ ሲለው አያመኝም አለ። ውጪ በር ተከፈተና ተዘጋ። የእግር ኮቴ ራቀ። ከዚያ በኋላ ያመመውንም ያላመመውንም አላወቀም።

ሲጨርስ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተራመደ ወጣ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ጫማው ጭናቸው ላይ ነው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልካቸው ጮኸ። ገረሱ ነበር፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። በየትኛው በኩል እንደተቀደደ ይጠይቃል።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ወንድማቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«በግራ» አሉ። «ደኅና ነው። ዛሬ ግን ለጥየቃ እንዳትመጣ፣ አንተ ታስቀዋለህ።»

ስልኩን ዘጉና ጫማውን እግሩ ሥር አስቀመጡ። ደግፌ ጎንበስ ሊል ሲል በእጃቸው አገዱት። ፊቱን ሳያዩ ተንበርክከው ክሩን አሰሩለት።