አመድ በጽጌረዳው ሥር

በለጡ ጠርጣራ ናት ሲሏት ትቆጣለች እንጂ ሰፈሩ የሚያውቃት በዚሁ ነው። ወተት የሚያመጡላት ሴት ፊት ጣቷን ነክራ ካልቀመሰች አትቀበልም። ዶሮዋ አንድ ቀን እንቁላል ካልጣለች መጀመሪያ የምታየው ዶሮዋን ሳይሆን የጎረቤቱን ድመት ነው። ባሏ አቶ ለገሠ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸውና፣ ዳኛ መሆን የነበረባት እሷ ናት እያሉ ይቀልዱባታል። በአንድ ሰው ላይ ብቻ ግን ጥርጣሬ ገብቷት አያውቅም ነበር፤ በመርየም ላይ።

መርየም ከሶፊ ገጠር መጥታ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። የሁለቱን ግቢ የሚለየው የድንጋይ ግንብ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍበት ትንሽ በር አለው። በዚያ በር ለአሥራ ስድስት ዓመት ፍም ተጫጭረዋል፣ ወንፊት ተዋውሰዋል፣ ልጅ ሲታመም ተጠራርተዋል። የበዓል ሥጋ ብቻ ነው በየቤቱ የሚቀረው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የግንቦቱ ዝናብ ሳይሰስት ጣለና ሰኔ ሲገባ የበለጡ ጓሮ ዐይን የሚያጠግብ ሆነ። ንቦቹ ሽታው ግቢውን የሞላው ሪሐን ቅጠል ላይ ያንዣብባሉ። ከየት እንደምትመጣ የማትታወቅ አንዲት ኤሊ የወደቀ ዘይቱን ልትለቅም ብቅ ትላለች። ሰው ሁሉ የሚሸሻትን እስስት እንኳ በለጡ ተለማምዳታለች። ከሁሉም ግን ቀዩን ጽጌረዳ ትወደው ነበር፤ እምቡጡ ቅርንጫፉን እስኪያጎብጠው ድረስ ተጨናንቆበታል።

የመርየም ልጅ የዘቢባ ኒካህ ለሰኔ ሁለተኛው ሐሙስ ተቆርጧል። የመርየም ግቢ ጠባብ ስለሆነ ሴቶቹ በበለጡ ጓሮ፣ ጊሽጣው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ጠየቀቻት፤ በለጡም እሺ አለች። መርየም ስትወጣ አንዱን እምቡጥ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ ማሻአላህ፣ ይሄ ለሙሽራ ነበር ብላ ሄደች። በለጡ ግን ጽጌረዳውን አንድ ሳታስቀር ቆርጣ በሠርጉ ጠዋት ለዘቢባ ልትሰጥ በልቧ ከጨረሰች ሰንብታለች፤ ደስታው ሳይነገር ሲደርስ ነው ብላ ነው የደበቀችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትወጣ ሰባት እምቡጥ ከአንገቱ ተቀንጥሷል። በማግስቱ አሥር። በግንቡ ላይ ተንጠራርታ ብትመለከት፣ በመርየም ግቢ መሬት ላይ ቀይ ቅጠላቸው ተበትኗል።  ይሄ ለሙሽራ ነበር ያለችው ለካ እንዲህ ኖሯል! እምቡጡ መሄዱ ሳይሆን፣ በገዛ እጇ ልትሰጥ ያሰበችውን መሰረቋ ነው ያንገበገባት። ለባሏ ነገረቻቸው። እሳቸው ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ፣ እስቲ ጠይቂያት አሏት። በለጡ ግን ከመጠየቅ መያዝ ይሻላል ብላ የምታምን ሴት ናት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፍታ ጽጌረዳው ሥር ነሰነሰችው፤ በትንሿ በር ደፍ ላይም አንድ ክንድ ያህል አለበሰችው። የገባ ሰው ዱካውን ሳይጥል አያልፍም። ቅዳሜ ጠዋት አመዱ እንዳለ ነው፤ እምቡጡ ግን ጎድሏል። እሑድም እንዲሁ። በእነዚያ ቀናት መርየም ብቅ አላለችም፤ ድምፅዋም ከግንቡ ወዲያ ጠፋ። በለጡ ይህን ስታይ ጥርጣሬዋ እርግጥ ሆነ። ያላጠፋች ምን ያስደብቃታል? በእግሯ ሳትገባ በግንቡ ላይ በዘንግ እየሳበች መሆን አለበት።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጋቢዋን ተከናንባ ጊሽጣው ሥር ተቀመጠች። ዐይኗን ከግንቡ ሳትነቅል ብዙ ቆየች። በኋላ ጽጌረዳው ራሱ ተንኮሻኮሸ። ጭራቸው የረዘመ፣ ቁንጮ ያላቸው ስምንት ግራጫ ወፎች እንደ አይጥ እየተሹለከለኩ ቅርንጫፉን ወጡት። አንዱ ዘቅዝቆ ተንጠለጠለና እምቡጡን ቀንጥሶ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ እያራገፈ በላው። ቅጠሉ ወደ መርየም ግቢ ረገፈ።

በለጡ አፈረች፤ ብቻዋን ሆና ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች። ደግነቱ ማንም አላወቀ ብላ ተጽናናች። ወፎቹን አባራ፣ የሠርጉን ጠዋት ሳትጠብቅ የቀረውን አበባ ሁሉ ቆረጠችና በሳፋ ሞልታ ወደ ትንሿ በር ሄደች። ብትገፋው አልከፈት አለ። ከወዲያ በኩል ድንጋይ ተደርድሮበታል።

ጠራቻት። መርየም ቆይታ መጣች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

«ዘቢባ ወዳንቺ ልትመጣ በሩን ስትከፍት አመዱን አየችው» አለች። «ትልልቆቹ ሲህር ነው፣ መተት ነው አሉን። ልጄ ይኸው ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ኒካሁም ይቅርብኝ ትላለች። በአላህ ይዤሻለሁ በለጡ፣ ምን በድላሽ ነው?»

በለጡ ለጉንዳን ነው ልትል ፈለገች። ጽጌረዳው ሥር ያለው ለጉንዳን ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ደፉ ላይ ያለውን ግን ማን ያምናታል? ልጅቷ ደግሞ ተኝታለች። እውነቱን ካልተናገረች መተተኛ ሆና ትቀራለች፤ ከተናገረች ደግሞ መርየምን ሌባ ማለቷ ነው። ሳፋው እጇ ላይ ከበዳት።

«ሲህር አይደለም፤ በልጆቼ እምልልሻለሁ» አለች። «አበባዬን የምትቆርጪው አንቺ መስለሽኝ፣ ዱካሽን ላይበት ነው። ወፍ ነው ለካ።»

 ከወዲያ በኩል ድንጋዩ አንድ በአንድ ሲነሳ ተሰማና በሩ ተከፈተ። መርየም ወደ ቤት ዞራ፣ ዘቢባ ተነሽ፣ ሲህር አይደለም አለች። ከዚያ ሳፋውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ስለ ልጄ አላህ ይስጥሽ ብላም አመሰገነች። በለጡ እፎይ ልትል ስትል መርየም ቀና ብላ አየቻት። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሲህር ቢሆን ሼህ ጠርተን ቁርኣን እናስቀራበት ነበር» አለቻት። «በዚህኛው ላይ ምን ይቀራበታል?»