የሌጉክ ግራ እግር

ሌጉክ የማንም አይደለም። ውሃ ቀጂው ሽማግሌ፣ ሆዱ እሱን ቀድሞት የሚገባ፣ ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚያዛጋ፤ በእኛ በኩል የቆዳ አሻንጉሊት ጥላ በመጋረጃ ላይ የሚያሳዩ የጥላ ተጫዋቾች ሁሉ ከአያቶቻቸው የተቀበሉት ነው። እኔ ራሴ ከጎሽ ቆዳ ቀርጬ ስንት ሌጉክ እንደሸጥሁ አላስታውስም። መጥቶ "ማን ፈቀደልህ?" ያለኝ የለም።

የጥላ ተጫዋቹ የፓክ ሳርጂማን፣ የአባባ ሳርጂማን ማለት ነው፣ ሌጉክ ግን አንድ ነገር ነበረበት። ግራ እግሩ ከጉልበቱ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ወደ ቀኝ ሲሄድ እግሩ ቀጥ ይላል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይንጠለጠላል። ስለዚህ የሳርጂማን ሌጉክ ቤተ መንግሥት ሲገባ ደህና፣ ሲወጣ አንካሳ ሆነ። ሰው ሳቀ። ሳርጂማንም ሳቁን ሰምቶ ማስጠገኑን ተወው።

ከሞተ በኋላ በእኛ ልማድ የሚደረገው የሺኛው ቀን መታሰቢያ ሲቃረብ፣ ልጁ ዊናርሲ ሌጉክን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት።

"ፓክ ዳርሞ፣ እንግዳ ፊት ስለሚሰቀል እግሩን ይጠግኑልኝ።"

"አባትሽ እንዲህ ሆኖ ነው የወደደው።"

"አባቴ ጥርሱም አንድ ነበር። ወዶ መሰለዎት?"

ሦስት ሳምንት ሠራሁት። አዲሱን እግር ከአሮጌ ቆዳ ቆረጥሁ፣ ጠርዙን እንደ ወረቀት አሳሳሁ፣ በዓሣ ሙጫ አጣበቅሁ፣ ቀለሙን በጭስ አደበዘዝሁት። የተሰበረውን ቁራጭ ከነሲባጎው በሙዝ ቅጠል ላይ ከአበባ ጋር አድርጌ ለወንዙ ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ዕቃ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። በመታሰቢያው ቀን እንግዳው ሁሉ እግሩን አደነቀ፤ እኔም ሳልጠየቅ ዋጋውን ቀነስሁላት።

ከዓመት በኋላ ዊናርሲ ለልጆች መጽሐፍ ጻፈች። ሲመጣ ደህና፣ ሲሄድ አንካሳ የሆነው ሌጉክ ታሪክ ነው፤ የአባቷ ስም የትም ባይኖርም አባቷ በየገጹ አለ። ማተሚያ ቤቱ ሊያትም ሲል ከጃካርታ ደብዳቤ መጣ። አንድ የፊልም ድርጅት የሌጉክን የካርቱን ፊልም ሠርቶ ኖሯል፤ እዚያም ሌጉክ ሲሄድ ያነክሳል።

ዊናርሲ ከሴማራንግ ከተማ አንድ ወጣት ጠበቃ ወደ እኔ በረንዳ አመጣች። ዝናቡ ስለማያባራ መነጽሩን ደጋግሞ ይወለውላል።

"ሌጉክን ማንም አይከለክልዎትም፣ ቡ ዊናርሲ" አላት፣ እመቤት እንደማለት። "እነሱም የሕዝብ ነው ይላሉ። ሲሄድ የሚያነክሰው ግን የእኛ ነው፣ ከፊልሙ በፊት ማንም አላየውም ነው የሚሉት።"

"ከአባቴ ነው የወሰዱት።"

"ይሆናል። በምን እናሳይ?"

ሳርጂማን በሕይወት ሳለ ካሜራ የያዙ ሦስት ልጆች ከከተማ መጥተው የሳርጂማንን ጨዋታ ሲቀርጹ ማደራቸው ትዝ ይለኛል። ሩዝ ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ስማቸውን የጠየቀ የለም።

ጎረቤቷ ፓክ ሱዋጂ ሊመሰክር ተጠራ።

"ሌጉክ ሲያነክስ አይተዋል?" አለው ጠበቃው።

"አይቻለሁ እንጂ። ባለፈው ዓርብም አይቻለሁ።"

"የት?"

"ቴሌቪዥን ላይ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

ሱዋጂ አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ላቡ እስኪመጣ። "በፊትም ያነክስ ነበር መሰለኝ" አለ በመጨረሻ። "ወይስ አሁን ነው?"

ጠበቃው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ለማስረጃ አሻንጉሊቱ ብቻ ቀረ። "ስብራቱን ያሳዩኝ" አለኝ። ወደ ብርሃን አቀረብሁት፤ አገላበጥሁት፤ በጥፍሬ ዳሰስሁት።

"እዚህ ጋ ነው።"

"የት?"

"እዚህ... ትንሽ ዝቅ ብሎ።"

በአርባ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የማይታይ መጋጠሚያ ሠርቼ አላውቅም። እኔም አላገኘሁትም።

"አሮጌው እግርስ?"

"እስካሁን ባሕር ደርሷል።"

ዊናርሲ ዞር ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

"ባለሙያ እግሩ በኋላ የተቀጠለ ነው ቢል እንኳ" አለ ጠበቃው፣ "መቼ እንደተሰበረና እንዴት ይራመድ እንደነበር ቆዳው አይናገርም።" ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

"እሰብረዋለሁ" አልኋት። "አሁን፣ እዚሁ። በሲባጎ አስረዋለሁ።"

"ያ የእርስዎ ስብራት ነው የሚሆነው፣ ፓክ ዳርሞ።"

ሌጉክን በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ድርጅቱ የላከውን የስምምነት ወረቀት እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች፤ ከመጽሐፏ ማነከሱ ያለበት ሁሉ እንዲወጣ ተስማማች። አሥራ አንድ ቦታ ነበር። አንድ በአንድ ሰረዘችው።

መጽሐፉ ታተመ። ለሦስተኛ ክፍል ልጆቿ ያነበበች ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ነገረችኝ። ሌጉክ በሁለት ደህና እግሮቹ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ፣ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቡ፣ ተሳስተዋል። ሌጉክ ሲሄድ እኮ ያነክሳል።"

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም ሰው ያውቃል።"

"የእኛ አያነክስም" አለቻትና ገጹን ገለጠች።