የዜሮው ሰው

ዓንደሚካኤል ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የጨረር መለኪያ ቤት ምድር ቤቱን ያጸዳል። ሌላም ሥራ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ራሱ ይለካል። መሣሪያው ከቼርኖቢል አደጋ ወዲህ በሰው ገላ ውስጥ የገባውን ሴዚየም ይቆጥራል። ያንን ለመቁጠር ግን መጀመሪያ ምንም የሌለበትን ሰው ማየት አለበት። መርዙ በብዛት የሚገባው በወተትና በሥጋ ነው፤ የዓመቱን ግማሽ ሁለቱንም የማይነካ ሰው ከእሱ በቀር አልተገኘም። የመለኪያ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሆልስት “ዜሮአችን” ይሉታል።

“ሌላው ሰው ዜሮ ሲባል ይከፋዋል፤ አንተ ደረትህን ትነፋለህ” ትለዋለች ሚስቱ ለተኪዳን።

የመለኪያው ክፍል ግድግዳ ከባሕር ወለል የወጣ የአሮጌ መርከብ ብረት ነው። አቶም ቦምብ ከመፈንዳቱ በፊት የቀለጠ ብረት ነው። ከዚያ ወዲህ የቀለጠው ሁሉ የዓለምን አየር ስለጠጣ ንጹሕ አይደለም። ዶክተሯ ይህን የነገሩት ቀን ዓንደሚካኤል መጥረጊያውን አቁሞ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ብረት እንኳ ያላመለጠው ነገር ነው፤ ሥጋ ለባሽ ወዴት ያመልጣል?

በፈረንጆቹ 1992 የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ለክረምቱ ከቼርኖቢል ጎረቤት ከቤላሩስ የመጡ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሊለኩ ተሰለፉ። መለኪያ ቤቱ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ተዘግቶ በዚያ ቀን መከፈቱ ነበር። አውቶቡሳቸው በማግስቱ ይመለሳል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ልጅ ለመጪው ዓመት የሦስት ወር ሕክምና ወረቀት ያገኛል። ያልተለካ ምንም አያገኝም።

ዓንደሚካኤል ገብቶ ተጋደመ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ዶክተሯ ስክሪኑ ላይ ፈዘዋል። በስተቀኝ ያለችውን ጉብታ ያውቃታል፤ ፖታሲየም ነች፤ ሰው ሁሉ ከማኅፀን ጀምሮ ይዟት ይኖራል። በግራ በኩል፣ ዘወትር ሜዳ በሆነው በሴዚየሙ ቦታ ላይ፣ አምባ ቆሟል።

“ክፍሉ ቆሽሿል” አሉ። ዓንደሚካኤል አፈረ። አጸዳ፤ እንደገና ተጋደመ። አምባው ንቅንቅ አላለም።

“ሄር ዓንደሚካኤል፣ ሰሞኑን ምን በሉ?”

“ምንም። ጾም ላይ ነበርኩ።”

“ሁለት ሳምንት ምንም?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ሞተው መምጣት ነበረብዎ።” ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ከፊታቸው ጠፋ። “ምንም ያልበላ ሰው ላይ ይህን ካሳየ መሣሪያው ይዋሻል። በሚዋሽ መሣሪያ ልጅ አልለካም። አስተርጓሚዋን ጥሩልኝ፤ ልጆቹ ይሂዱ።”

ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ አሌስያ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ቆማለች። በአንገቷ ዙሪያ፣ ዓንደሚካኤል ማተብ ባሰረበት ቦታ፣ ሐኪሞች ጨረሩ ያሳመመውን ዕጢ ያወጡበት የቢላ ጠባሳ አለ። ስንብት መሆኑን ስትሰማ ከቦርሳዋ ስጦታ አውጥታ ለዶክተሯ ሰጠች። አያቷ እንደ መቁጠሪያ በክር የሰካችው የደረቀ እንጉዳይ ነበር። ዶክተሯ አመስግነው፣ በልማድ የእጅ መለኪያቸውን አስጠጉት። መለኪያው ጮኸ።

ዓንደሚካኤል ወደ እንጉዳዩ ቀረበ። የለተኪዳን ወንድም ዘርኣማርያም የቼርኖቢል ደመና ከዘነበበት ከደቡብ ጀርመን፣ ከባየርን ጫካ ለቅሞ ያመጣው ሁለት ከረጢት እንጉዳይ ትዝ አለው። አሥራ አምስቱን የጾም ቀን ከሽሮው ጋር ሲበላው ነበር።

“ፍራው ዶክተር፣ መሣሪያው አልዋሸም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይህን በልቻለሁ።”

“ምንም አልበላሁም አላሉም?”

“በእኛ ዘንድ የጾም ምግብ እንደ መብል አይቆጠርም። ሰው ‘ምን በላህ’ ቢለኝ ‘ምንም’ ነው የምለው።”

ዶክተሯ የእጅ መለኪያውን አስቀመጡት። “ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠይቅዎ ይህን ነበር የሚነግሩኝ?”

“አዎ።”

“ጉድ ነው!” አሉና ነጭ ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡት። “ያዙልኝ። ዛሬ ዜሮዋ እኔ ነኝ።”

የእሳቸው መስመር እንደ እሱ የቀድሞ መስመር ባይሆንም ለሜዳ የቀረበ ሆኖ ወጣ፤ መሣሪያው አለመዋሸቱን ለማወቅ ይህ በቃ። ልጆቹ ተራ በተራ ገቡ። የአሌስያ መስመር ሽቅብ ሄደ፤ የስክሪኑን ጫፍ ነካ። መሣሪያው መስፈሪያውን ለውጦ ሁሉንም አሳንሶ እንደገና ሣለው።

“የእኔ እዚህ ላይ የቱ ጋ ይሆን ነበር?” አለ ዓንደሚካኤል።

ዶክተሯ በእርሳሳቸው ጫፍ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ አመለከቱት።

እሱ የአሥራ አምስት ቀን እንጉዳይ ነው ያለበት። እሷ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአያቷ ጓሮ፣ ከላሟ፣ ከጫካው በልታለች። እናም አሁን በአንድ እግሯ እየዘለለች ከአልጋው ወረደች። አስተርጓሚዋ ቁጥሯ የተጻፈበትን ወረቀት አነበበችላት። አሌስያ ወረቀቱን ነጥቃ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች፤ ለጓደኞቿ ከፍ አድርጋ እያሳየች ጮኸች።

“ምን ትላለች?” አለ።

“‘ሁላችሁንም በለጥኳችሁ’ ነው የምትለው” አለች አስተርጓሚዋ።

ዓንደሚካኤል የሥራ ቆቡን አወለቀ። ታቦት ሲያልፍ እንደሚቆም ሰው፣ ልጆቹ ደረጃውን ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ።