አክሰል ወጥ ቤቱን የተረከቡበት ክረምት

ቦዲል አባቷን ስታስብ ቶሎ ትዝ የሚላት ያ አንድ ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አርባ ምናምን ዓመታት ተጨምቀው ቢወጡ፣ ከጥቂት ፖስት ካርዶችና በዓመት ሁለቴ በር ላይ ከሚቆም ትልቅ ሻንጣ አያልፉም። አክሰል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጭነት መርከቦች ላይ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሚኖሩባት ደሴት ወደብ በማርስታል ደግሞ አባት ባሕር ላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ እንደዚያው ነው ያደገው።

ዳሌያቸው የተሰበረው በኅዳር ወር፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እርጥብ ቅጠል አንሸራቷቸው ነው። ሐኪሙ ብቻቸውን እንዳይኖሩ ከለከለ። ቦዲልና ባሏ ኬል ልብስ የሚተኩሱባትን ትንሽ ክፍል አጽድተው አመጧቸው። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና አንድ ጥቁር የብረት ድስት ብቻ ነበር።

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። የመብራትና የማሞቂያ ዋጋ ጣሪያ የነካበት ክረምት ነው። ኬል የሚሠራበት የጀልባ መጠገኛ ሥራው ቀዝቅዞ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይገባል። ቦዲል የደሴቲቱን አውቶቡስ ትነዳለች፤ ደመወዟ ያው የዱሮው ነው። ባልና ሚስት ሳሎናቸው ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ይቀመጣሉ። እንዲያም ሆኖ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል፤ የት እንደገባም አያውቁትም።

አክሰል ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ይውላሉ። ብዙ አይናገሩም፤ ያያሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ቦዲል ለአዲሱ አስቤዛ ቦታ ለማግኘት ፍሪጁን ታራግፋለች። ከማክሰኞ የተረፈ የተቀቀለ ድንች፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ጫፉ የደረቀ ጥቁር ዳቦ፣ ቀኑ ትናንት ያለፈበት ክሬም። ሽማግሌው ሦስት ዓርብ አዩና በአራተኛው አፋቸውን ከፈቱ።

«ይሄ ሁሉ ወዴት ነው?»

«ወደ ቆሻሻ ነዋ፣ አባባ።»

«ምን ሆነ?»

«አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ» አሉ አክሰል፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ።

ኬል ከጀርባ ሳቀ። ቦዲል ግን ከማለዳ ጀምሮ ስትነዳ ውላ ወገቧን ይቆርጣታል፤ ቀልድ የምትሰማበት ሰዓት አልነበረም። «እዚህ መርከብ ላይ አይደለንም» አለች። «ሱቁ ያውና፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» ከረጢቱን ቋጥራ ወጣች። ስትመለስ አባቷ ወደ ክፍላቸው ገብተዋል። እንደዚያ ባልመለስኩላቸው ብላ ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አክሰል ቂም የያዘ ሰው አይመስሉም። «እስከ ገና ድረስ ወጥ ቤቱን ስጪኝ» አሏት።

«በአንድ እግርዎ?»

«ድንች የሚላጠው በእጅ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ እኔ ሳልል ማንም ምንም አይገዛም።»

ኬል እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ መርከበኛ ሰላምታ ሰጣቸው። «እሺ ካፒቴን።»

«ካፒቴን አይደለሁም። ካፒቴን የሚያስበው መርከቧ እንድትደርስ ነው። ሰዎቹ በልተው እንዲደርሱ የማስበው እኔ ነበርኩ።»

ቦዲል ደክሟት ስለነበር እሺ አለች። አንድ ሳምንት ሞክረው ይተዉታል ብላ ነው።

አክሰል መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምግብ ማብሰል አልነበረም። ኬልን አጠገባቸው አቁመው የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ሁሉ አስፈተሹት። ከኋላ ተደብቆ ሦስት የተከፈተ የሩዝ ከረጢት ወጣ። አምስት የሰናፍጭ ብልቃጥ ወጣ። የተረሳ አተር፣ የተረሳ ማር። ያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ኬል «ለካ ሀብታም ነን» አለ። በዚያ ሳምንት የገዙት ወተት፣ እንቁላልና ሽንኩርት ብቻ ነው።

ከዚያ የፍሪጁን መካከለኛ መደርደሪያ «የቸኮለ» ብለው ሰየሙት። ቶሎ መበላት ያለበት ሁሉ ዓይን ፊት ይቀመጣል፤ እሱ ሳያልቅ አዲስ አይከፈትም። ክሬሙ ላይ የታተመውን ቀን መነጽራቸውን አድርገው ያነቡና ቀጥሎ ያሸቱታል፤ ከዚያም በማንኪያ ጫፍ ይቀምሱታል። «ቀኑን የጻፈው ሰው ይሄን ክሬም አላየውም» ይላሉ። ሥጋና ዓሣ ላይ ግን እንዲህ አይቀልዱም፤ ከተጠራጠሩ ራሳቸው ይጥሉታል። የደረቀው ጥቁር ዳቦ በቢራ ርሶ ገንፎ ሆነ፤ ቦዲል ልጅ እያለች እናቷ ቅዳሜ ጠዋት ትሠራው የነበረው ዓይነት፣ ክሬም ከላይ ፈሶበት። የእሑድ ሥጋ ቁርጥራጭ ከትናንት ድንችና ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ እንቁላል ተደረበበት። ኬል ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ «ይሄ ነው ወደ ቆሻሻ ሲሄድ የኖረው?» አለ፤ ሚስቱን እያየ። ቦዲል በእግሯ ከጠረጴዛው ሥር መታችው።

ገና አለፈ። ወጥ ቤቱን መልሱ ያለ ሰው የለም።

በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ቦዲል ከሥራ ስትገባ ያ ጥቁር ድስት በጠፋው ምድጃ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑን ከፈተችው። የካሮት ልጣጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የዶሮ አጥንት በጠቆረ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። አባባ ድስቱን ዘፍዝፈው ረስተውታል ብላ ውሃውን ሲንኩ ውስጥ ደፋችው፤ ልጣጩን ጣለች፤ ድስቱንም አጥባ ሰቀለችው።

አክሰል ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጡ። የተሰቀለውን ድስት አዩ። ከዚያ ሲንኩን አዩ።

«መረቁስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቦዲል ነገሩ ሲገባት ፊቷ ጋለ። ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ሲፈላ ቆይቶ እንዲቀዘቅዝ የተተወ መረቅ ነው። አባቷ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ተከትላ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ አባባ። ቆሻሻ ውሃ መስሎኝ ነው።»

«መረቅ መልክ የለውም፤ እውነትሽን ነው።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አንቺ ሦስት ዓመት ሲሞላሽ እኔ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ማንም ነግሯት አያውቅም።

በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ፣ «ካረን ማሪ» በምትባል መርከብ በበረዶ ተይዘው ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። የጫኑት እንጨት ነው፤ እንጨት አይበላ። የሳምንት ስንቅ ይዘው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆሙ። አክሰል ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ልጣጭ መጣል አቆሙ። አጥንቱን ሦስት ጊዜ ቀቀሉት። የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በቢላዋ ጠርገው በቆርቆሮ ያጠራቅሙ ጀመር።

«አሥራ አንደኛው ቀን የአንቺ ልደት ዋለ» አሉ። «ፍርፋሪው ቆርቆሮውን ሞልቶ ነበር። ትንሽ የደረቀ ፖም ነበረችኝ፤ በፍርፋሪው መሐል ደርድሬ ኬክ ጋገርኩልሽ። ዘጠኝ ወንድ ቆሞ ዘፈነልሽ። ካፒቴኑ ድምፁ አስቀያሚ ነው፤ እሱም ዘፈነ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስመጣ ከእናትሽ ቀሚስ ኋላ ተደበቅሽ። አላወቅሽኝም። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ምን ተብሎ ይጀመራል? ከዚያ አደግሽ። ከዚያ ጊዜው አለፈ።»

ቦዲል የአባቷን እጅ ያዘች። ብዙ ዓመት ይዛው አታውቅም ነበር፤ ቆዳው በቃጠሎ ጠባሳ የተሞላ መሆኑን እንኳ ያን ቀን ነው ያየችው። በማግስቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት አጠገባቸው ቆማ መረቅ አወጣጥ ተማረች። መጀመሪያ አጥንቱ፣ ቀጥሎ ልጣጩ፤ መረቁ እንዲንተከተክ እንጂ እንዲገነፍል አይደረግም። ከዚያ ቀን ወዲያ ከሥራ የምትመለስበትን ሰዓት ትናፍቅ ጀመር። ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ወደቦች ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም እያማሰሉ ይመልሳሉ። ያልነበሩባቸውን ዓመታት እንዲህ በማታ በማታ፣ ቁራጭ በቁራጭ አወሩላት።

በረዶው ሲቀልጥ የቆሻሻ ገንዳቸው ከግማሽ በላይ አይሞላም ነበር። ለምግብ ከሚያወጡት ሲሶው ተቀንሷል፤ የማሞቂያው ዕዳ ተከፍሎ ትንሽ ተረፈ። ቦዲል በተረፈው ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ አባቷን ጠየቀቻቸው። ጫማ ይላሉ፣ ወይም ሬዲዮ ይላሉ ብላ ነበር። አክሰል «ኤጎን ቢመጣ» አሉ። ኤጎን ከእነዚያ ከዘጠኙ፣ ከአክሰል ሌላ በሕይወት የቀሩ ብቸኛው ናቸው፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ስቬንቦርግ በአረጋውያን ቤት ይኖራሉ።

በሚያዝያ ኬል ሄዶ በጀልባ አመጣቸው። ኤጎን ቀጭን፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ጮክ ብለው የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሁለተኛው ሳህን በኋላ ቦዲል ስለ ኬኩ ጠየቀቻቸው።

«መራራ ነበር» አሉ ኤጎን። «ስኳር አልቋል፤ ፖሙም ሻግቷል።»

«አልሻገተም» አሉ አክሰል።

«ሻግቷል እንጂ። ግን አባትሽ ለአሥር ነው የቆረጠው። እኛ ዘጠኝ ነን፤ አሥረኛው ያንቺ ነው ብሎ መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ማንም አልነካውም። በርሃብ እያየነው ዋልን።»

ቦዲል ወደ ኤጎን ጠጋ አለች። «ከዚያስ?»

«ማታ በክር ቆርጠን ለዘጠኝ ተካፈልነው። አባትሽ ቁራሽ ነገር አስቀምጦ ሲያበላሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አክሰል እየሳቁ ድስቱን ወደ ኤጎን ገፉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ መጨረሻዋ ጀልባ ሰዓት ድረስ ስለ ሻገተውና ስላልሻገተው ፖም ሲከራከሩ ቆዩ።

አክሰል ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ያረፉት በግንቦት ወር፣ በእንቅልፋቸው ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡናና ትንንሽ ዳቦ ቀመሰ፤ የደሴቲቱ ሰው ግማሹ ባሕር ላይ ስለሆነ የመጣው ከታሰበው አነሰ። አዳራሹን የምታጸዳው ሴት በዳቦ የተሞላ ትሪ ይዛ ቦዲል አጠገብ ቆመች።

«ልጣለው?»

«ስጪኝ» አለች ቦዲል።

ቤት ገብተው የሐዘን ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ እሷና ኬል ዳቦውን ለሁለት ለሁለት እየሰነጠቁ ምድጃ ውስጥ ደረደሩት፤ ደርቆ እንዲቆይ። ቤቱ የቅቤ ሽታ ሸተተ። ቦዲል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላለቀሰችም፤ መቃብሩ ላይም አላለቀሰችም። ሁለተኛውን ትሪ ስታወጣ ነው እንባዋ የመጣው። ኬል ትሪውን ከእጇ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ትኩሱን አንዱን አንሥቶ ነከሰና አፉ ተቃጠለ። እያለቀሰች ሳቀችበት። ከዚያ እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድ አነሣች።